የግርጌ ማስታወሻ ቁጥር ሠላሳ አንድ

ዊኒፔግ። የካቲት። ቤተ መጻሕፍቱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ
መስኮቱ ውርጭ ለብሷል፤ ውጭ የለም የሚታይ።
ሠላሳውን ምንጭ ጻፍኩ፤ መጽሐፍ ነው፣ ቀላል ነው፤
ደራሲ፣ ዓመተ ምሕረት፣ ማተሚያ ቤት፣ ያው ነው።

ሠላሳ አንደኛው ሰው ነው።
በስልክ የተቀረጸ፣ ሃያ ሁለት ደቂቃ፣
በሥጋ ፋብሪካው ደጅ፣ የሌሊት ፈረቃ ሲያበቃ።
ነጭ ቱታውን እንደለበሰ፣ ግራ እጁን ኪሱ ከቶ፣
ሽመክት አንዱዓለም ያወራል ዐይኑን ከካሜራው አሽሽቶ።

የጥናት መመሪያው ግን አለው የራሱ ሕግ፤
«የቤተሰብ ስም ይቅደም፤ ከዚያ ነጠላ ሰረዝ አድርግ።»

አንዱዓለም፣ ሽ.
ብዬ ጻፍኩና ቆምኩ።

አንዱዓለም አባትየው ነው፤ አሰላ ወፍጮ ቤት ነበር፤
ቅንድቡ ዱቄት እንደለበሰ ነው የገባው መቃብር።
ይህን ብርድ አያውቀውም፤ ከሰንሰለት የተንጠለጠለ በሬ
ቢላ ይዞ አልጠበቀም፤ አልወጣውም የቃል ፍሬ።
ልጁ ያየውን ነገር፣ ልጁ የከፈለበትን፣
አባት ይመስክር ልበል ወይ፣ እማኝ ስቆጥር ሌላውን?

ርእስ ይላል። ርእስ የለውም፤ ቁጥር ብቻ ነው ስሙ፤
«ዜሮ ዜሮ አርባ ሰባት»፤ ከዚህ በላይ አልደከሙ።
ደቂቃው ይጠቀስ ይላል። ይህስ መልካም።
ዐሥራ አራት ከሠላሳ ሁለት ላይ ጠያቂው
«ጣቶችህስ?» ይለዋል።
ሽመክት ዝም።
ዐሥራ ዘጠኝ ሰከንድ። ከኋላ ማቀዝቀዣው ያጉረመርማል፤
አንዲት ቁራ ትጮኻለች፤ አንድ በር ይከፈታል፣ ይዘጋል።
ከዚያ «ብርዱ ከበደ አይደል?» ብሎ ይስቃል።
አራተኛው ምዕራፌ በሙሉ የቆመው በዚያ ዝም ላይ ነው፤
ዝምታን ግን በየትኛው ትእምርተ ጥቅስ ውስጥ ልክተተው?

ረቂቄን ይዤ ሄድኩ ፕሮፌሰር ቶርላክሰን ቢሮ።
ከጊምሊ ናት፣ ከሐይቁ ዳር፤ ዓሣ አጥማጅ ነው ዘሯ ተቆጥሮ።
«'ሰን' ማለት ወንድ ልጅ ነው፤» አለችኝ፣ «የቶርላክ ልጅ እንደማለት፤
ቶርላክ ራሱ ከአይስላንድ አልወጣም ላንዲት ዕለት።
ልጁ በመርከብ ሲመጣ መዝጋቢው ጸሐፊ ቸኮለ፤
የአባትን ስም የዘር አድርጎ እዚያው ላይ ማኅተም ጣለ።
ይኸው እኔ ሴቲቱ፣ ስልሳ ሁለት ዓመቴ፣
ላላየሁት ሽማግሌ ወንድ ልጅ ሆንኩ በሕይወቴ።
እዚያ አገር እስከ ዛሬ በራስ ስም ነው ሰው የሚደረደር፤
ጻፊው እንዳለ፣ ሽመክት ብለሽ፤ ካልወደዱት እኔ ልከራከር።»

ደስ ብሎኝ ተመለስኩ። አድራሻውን ልገለብጥ
ነካሁት።
«ይህ ቪዲዮ ተወግዷል።»
ግራጫ ሰሌዳ። ሌላ ምንም።

ምንጭ እንለዋለን በኛ ቋንቋ። ምንጭ ደግሞ ይደርቃል።
ማን ደፈነው? ፋብሪካው? ራሱ ፈርቶ? ማን ያውቃል።
ሦስት ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ሦስተኛውን በወረቀት ገልብጬ፣
ቁራዋን ጭምር፣ የበሩን ድምፅ ጭምር፣ ከነሰከንዱ አስቀምጬ።

ስልኩን ካንድ ዘመዱ አገኘሁ። ሥራ ሊገባ ነው።
«እኔ ነኝ ያጠፋሁት፤» አለኝ። «ፎርማኑ ጠርቶ አሳየኝና ዝም አለ። የሱም ዝምታ ያው ነው።
ያልኩትን ግን ጻፊው፤ ዝም ያልኩትንም አትተይ።
ስሜን ተይው፤ ሁለቱንም ያውቁታል። ዱቄቴ በይ።
አባቴን ሰፈሩ እንዲያ ነበር የሚለው። እሱን ጥሪው፤
ሟችን የሚያባርር አለቃ ካለ መጥቶ ይሞክረው።»

(ሽመክት ያልኩትም እዚህ ስሙ አይደለም፤ ከተማውም አሰላ አይደለም፤
ከግጥም ምንጭ የሚጠይቅ መመሪያ እስካሁን አልወጣም።)

ፎቁ ሊዘጋ ነው፤ ጥበቃው መብራቱን ከጥግ ጀምሮ ያጠፋል።
ገጹ ራስጌ ላይ የሊቃውንቱ ስም ደምቆ፣
ግርጌው ላይ፣ በትንሽ ፊደል፣ እንግዳ እንደሚተኛ ተሸማቅቆ፦

31. ዱቄቴ። ርእስ የሌለው ቪዲዮ። ዊኒፔግ።
ከ14:32 እስከ 14:51፣ ዝምታ።
የታየው ፌብሩዋሪ 9፣ በኔ አቆጣጠር የካቲት 2፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት።
አሁን የለም።
አይቻለሁ።